አንቱ ያለው መልእክት

«አብሽ አለሽ?»

«ያልተፈጨ ነው ያለኝ።»

«ያልተፈጨውን ነው የምፈልገው።»

ቅመም ሻጯ ዋፊቃ ቀና ብላ አላየችውም። እጇን ጆንያው ውስጥ ሰደደች። በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ጥቅል አወጣች፣ ፌስታል ውስጥ ጨመረቻት፣ በላይዋ ላይ አብሽ አፈሰሰችባትና ቋጥራ ሰጠችው።

«ምርቃት ጨምሪልኝ እንጂ» አለ።

«ዛሬ ምርቃት የለም።»

ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣት።

የሐረሩ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ምርቃት የሚከለክል ነጋዴ የለም። በእሱና በዋፊቃ መካከል «ምርቃት የለም» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከኋላህ ሰው አለ።

የምስጢር ስሙ ደባል ነው። በሚያስተምርበት ኮሌጅ መምህር ኒቆዲሞስ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ከአዲስ አበባ ሲነሣ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ቀርቷል። ደባል አልዞረም። ጎኑ ካለው የዕቃ መደብ አንድ ትልቅ ትሪ አነሣና እንደሚገዛ ሰው ወደ ብርሃን አዘነበለው። ትሪው ላይ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ታየው። ሰውዬው ሽንኩርት ይመርጣል። ጫማው ግን ያብረቀርቃል፣ ዘንቢልም ፌስታልም አልያዘም።

ትሪውን መለሰ። መራመድ ጀመረ።

ጃኬቱም ጀመረ።

ደባል ከገበያው ወጥቶ በኖራ የተቀባ ግንብ ተከትሎ ታጠፈ። እንደገና ታጠፈ። ጀጎል ውስጥ መታጠፍ ቀላል ነው፤ ችግሩ መውጣቱ ነው። ሦስተኛው መታጠፊያ የእርቅ መንገድ ከሚሏት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከተተው። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ መተላለፍ ስለማይችሉ ታርቀው ነው የሚወጡት ይባላል።

ከኋላው የጫማ ድምፅ ሰማ።

ከፊቱ ደግሞ አንድ ትልቅ ሆድ መጣ።

የሆዱ ባለቤት ዓሊዪ ነበር፣ የኮሌጁ አንጋፋ የኔትወርክ መምህር። ብብቱ ሥር ጫት ሸጉጧል።

«ኒቆ። አንተ፣ ምን ያስሮጥሃል አቦ?»

«ቸኩዬ ነው ጋሽ ዓሊዪ። ያሳልፉኝ እባክዎ።»

«እለፍ፣ እለፍ። ነገ ከስብሰባው በኋላ ምሳ እኔ ቤት ነው። ልጆቹ ኒቆ የታለ እያሉ ራሴን አዞሩት።»

ዓሊዪ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ደባል እንደ ወረቀት ተጣብቆ አለፈ። ግራጫው ጃኬት ሲደርስ ግን ሆዱ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም» ሲል ሰማው ከኋላው። «ሰላም ሳትል ልታልፍ ነው እንዴ አንተ? እንግዳ ነህ መሰለኝ። ቤተሰብ ደህና? ሀገር ደህና? ዝናቡስ፣ እናንተ ጋ ጣለ?»

የዓሊዪ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ደባል ፈረስ መጋላ አደባባይ ደርሶ ባጃጅ ሲይዝ፣ ሰውዬው ገና ስለ ዝናቡ እየመለሰ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ዓሊዪ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዓሊዪ በዕድሜው ሙሉ ማንንም አንቱ ብሎ አያውቅም። ከሐረር ዙሪያ ደጋ የወረደ የገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ያስተማረችው ኦሮምኛ አንቱታ የሚባል ጣጣ የለበትም፣ አማርኛውንም በዚያው ልክ ሰፍቶ ለበሰው። የኮሌጁን ዲን አንተ ይላል። ፖሊሱን አንተ ይላል። ሲጠየቅ ይስቃል፦ «አንቱ እኮ በር ላይ ለቆመ እንግዳ ነው። ሰው የራሱን ሰው አንቱ ይላል?» ደባል ግን አክስቱ ጆሮውን እየቆነጠጡ ያሳደጉት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ፊት «አንተ» ሊል ሲሞክር ምላሱ ይታሰራል። እኛም ዓሊዪን እሱ እንደሚወደው «እሱ» እያልነው እንቀጥል።

ከጀጎል ውጭ አዲሱ ከተማ ያለው የኪራይ ክፍሉ ገብቶ በሩን ቆለፈ። አብሹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ከጋዜጣው ውስጥ አንድ ፍላሽ ወጣ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። «ሳትከፍት የኮሌጁ አፎቻ ሰርቨር ላይ ሰካው። ንጹሕ መሆኑን ይመረምራል።» የላከው የስለላ አለቃው ነው፣ በምስጢር ስሙ አባወራ።

ደባል ሐረር የመጣው ድንበር ሊያሻግር ወይም ሰው ሊያፍን አይደለም። የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ሲመረጥ ኮሚቴ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ሥራው መጀመሪያ ሲነገረው ስቆ ነበር። የኮሌጁ ቴክኖሎጂ ክፍል መልእክቱ የትም ተበትኖበታል፤ ግማሹ በስልክ ግሩፕ፣ ግማሹ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የቀረው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል። ተማሪ ፈተና መኖሩን የሚሰማው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ መልእክቱን፣ የቪዲዮ ስብሰባውንና የጋራ ሰነዱን አንድ ላይ የሚይዝ መተግበሪያ ይመረጥ ተባለና ሁለት ለሙከራ ቀረቡ። አንዱ «ድልድይ» ነው። አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ በስጦታ ያቀረበው፣ የሚያምር፣ ፈጣን፤ የተጻፈው ሁሉ ግን የሚቀመጠው ኩባንያው ጋ ነው። ሌላው «አፎቻ» ነው። ዓሊዪና ተማሪዎቹ ሠርተው ኮሌጁ በራሱ ሰርቨር ላይ ጫኑት። አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ስሙን ያወጡለት ሐረሪዎች ለሰርግም ለቀብርም ከሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው።

አባወራ ድልድይ የተደበቀ በር አለው ብሎ ጠርጥሯል፣ ወይም ለደባል እንዲያ ብሎታል። በሩ ካለ የመምህሩንም የተማሪውንም ጓዳ አንድ ሰው ከሩቅ ቁጭ ብሎ ያነባል። ማረጋገጫው ማጥመጃ ነበር። ድልድይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ከራሱ በቀር ማንም የማያየው የግል ገጽ ይሰጣል። ደባል እዚያ ላይ ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገር ይጽፋል። ያ ነገር ውጭ ከታየ በሩ አለ ማለት ነው።

«እውነተኛ ነገር ጻፍ» ብሎት ነበር አባወራ። «ዓሣ የውሸት ሥጋ አይበላም።»

እውነተኛውን ጻፈ። ዓሊዪ ቤት ምሳ እየበላ የሰማውን። ዓሊዪ እንደ አባት ያሳደገው ታላቅ ወንድም አለው፤ ዱሮ በአንድ ክስ ሸሽቶ ድንበር ማዶ የቀረ። በየጁምዓው ይደዋወላሉ። ስሙ ሐረር ውስጥ ከተነሣ መዘዝ አለው፣ ስለዚህ ዓሊዪ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለኒቆ ነገረው፣ ልጆቹን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠለትን ሰው ማመን ምን ክፋት አለው? ደባል ክፍሉ ተመልሶ ጻፈው። ያፍር ነበር። ግን ጻፈው።

አሁን ፍላሹን ያየዋል። ደንቡ አትክፈት ይላል። ሌላ ደንብ ደግሞ አለ፦ ሰው የተከተለውን ዕቃ ሳታይ አታቀብል።

ኢንተርኔት የማያውቅ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሰካው።

መመርመሪያ አልነበረም። መልእክቶች ነበሩ፣ ከዓሊዪ ለወንድሙ የተጻፉ፣ አፎቻ ውስጥ እንደተላኩ ተደርገው የተሠሩ። የመጀመሪያውን አነበበ።

«ወንድሜ፣ እርስዎ ከመጡ ቤቱ ቤትዎ ነው። የተማሪዎቹን ፋይል ያኔ አስረክብዎታለሁ።»

ሣቁ አመለጠው። ዓሊዪ እና እርስዎ?

ከዚያ ደግሞ አነበበው።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። ዓሊዪ ስለ ወንድሙ ሲያጫውተው ያለው «ወንድሜ፣ አንተ ከመጣህ ቤቱ ቤትህ ነው አልኩት» ነበር። ደባል ግን አባት የሚያህል ታላቅ ወንድም «አንተ» ተብሎ ሲጻፍ ማየት ከበደው። እጁ ሳያስበው አስተካከለው። እርስዎ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ።

በሩ አለ። እና ከበሩ የወጣውን ዕቃ የላከለት አለቃው ነው።

ከሰዓት በኋላ አባወራን ፈረስ መጋላ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘው። አባወራ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ እየበላ ነበር፣ ጣቱ በስኳር ተለጥፏል።

«ከፈትከው» አለ።

«ከፈትኩት። በሩ ተገኝቷል፣ ጌታዬ። ጽሑፉ ከግል ገጼ የወጣ ነው። ተልእኮው አልቋል።»

«በር መኖሩን መቼ አጣሁት? እኔ ያላወቅኩት በሩ እስከ የት ጓዳ እንደሚያስገባ ነበር። አንተ አሳየኸኝ።»

ደባል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ታዲያ ጋሽ ዓሊዪ ምን አደረጉ?»

«አፎቻን ሠራ። ይህ የትምህርት ክፍል የመረጠውን ሌላው ኮሌጅ ይከተላል። ድልድይ እዚህ ካልቆመ የትም አይቆምም። ሰውዬው ይያዛል፣ ይጠየቃል፣ ይረሳል።»

«ልጆች አሏቸው።»

«ማን የሌለው አለ?» አባወራ ጣቱን በወረቀት ጠረገ። «ነገ ከስብሰባው በፊት ትሰካዋለህ። እምቢ ካልክ አንተን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አላውቀውም ካልኩ፣ በሐሰት መታወቂያ ኮሌጅ ውስጥ የተሸጎጠ ሰው ነህ። ያኔ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አስበው።»

በመስኮቱ ነጭ መኪና ይታያል። ከሾፌሩ ጎን ግራጫ ጃኬት ተቀምጧል።

የራሱ ሰዎች ነበሩ የተከተሉት። ዕቃውን እንዳይከፍት።

ደባል ወጥቶ ዝም ብሎ ሄደ። ጀጎል በየአቅጣጫው በር አለው። በአንዱ ቢወጣ ዓሊዪ ይታሰራል። በሌላው ቢወጣ እሱ። ለፖሊስ ቢናገር ስሙን ይጠይቁታል፣ የትኛውን ስም ይስጥ? ለዓሊዪ ቢናገር «እንዴት አወቅህ?» ይለዋል። በጣም ፈራ። ከፍርሃቱ በላይ ግን ነገ የተጠራበት ምሳ ከበደው።

ፍላሹን በድንጋይ ፈጨውና ቦይ ውስጥ ጣለው። አልሰካውም። አልተሳካም ብሎ ይዋሻል። ይህ መውጫ መሰለው።

የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አባወራ ግን ቸኩሎ አያውቅም።

ጠዋት ደባል የስብሰባው ክፍል ሲገባ ግራጫው ጃኬት ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈቲያ አስተዋወቀች። «አቶ ጌታነህ ይባላሉ፣ የድልድይ ባለሙያ። ሁለቱን ለማነጻጸር ብለው ማለዳ ሰርቨራችንን ሲያዩ ነበር።»

ሌላ ፍላሽ ነበራቸው፤ ሰውዬው ማለዳ ራሱ ሰክቶታል።

ዓሊዪ በደስታ እጁን ዘረጋ። «የትናንቱ ሰውዬ። አንተ ነህ እንዴ? ሰላምታችንን ሳንጨርስ ሮጠህ ጠፋህብኝ እኮ።»

ጌታነህ እጁን አልሰጠውም። «ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለ። ግድግዳው ላይ ጽሑፉ በራ።

ወንድሜ፣ እርስዎ ከመጡ ቤቱ ቤትዎ ነው።

ፈቲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ ተለወጠ፤ በሐረሪዎች የክብር መጠሪያ ጠራችው። «አው ዓሊዪ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ዓሊዪ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። የደነገጠው ስለ ተማሪዎቹ ፋይል በሚለው ሁለተኛ መስመር አይደለም።

«ወንድሜን…» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድሜን ማን ነገራችሁ?»

ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ዓሊዪ ግን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደባል ዐይኑን ሰበረ።

በመስኮቱ በኩል ነጩ መኪና ጊቢው በር ላይ ቆሟል። የኋላ በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል።

ዝም ካለ ያልፋል። ዝም ማለት ሙያው ነው።

«ይህን እሳቸው አልጻፉትም» አለ።

ጌታነህ ዞሮ አየው። ዐይኑ ተጠንቀቅ ይላል።

«ጋሽ ዓሊዪ ማንን እርስዎ ሲሉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

አንዱን መምህር ሣቅ አመለጠው። ፈቲያ ግድግዳውን እንደገና አየች። «ዲኑን እንኳ ና እስቲ አንተ ነው የሚለው» አለች።

«በአፍና በጽሑፍ አንድ አይደለም» አለ ጌታነህ ረጋ ብሎ። «የተማረ ሰው ሲጽፍ አንቱ ይላል። ደግሞስ ወንድም እንዳለው ራሱ አመነ። ይህን ከእሱ በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል?»

እውነቱን ነው። አንድ ሰው ብቻ ሊያውቅ ይችላል።

ደባል ተነሣ። የፕሮጀክተሩን ገመድ ከጌታነህ ላፕቶፕ ነቅሎ እሱ የኮሌጁን ሥራ በሚሠራበት ላፕቶፕ ላይ ሰካ። ድልድይን ከፈተ። ፈቲያ እያየችው የይለፍ ቃሉን አስገባ። የግል ገጹን ከፈተ።

ግድግዳው ሞላ።

ምሳዎቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ዓሊዪ ስለ ወንድሙ ያለው። ስለ ሚስቱ ሕመም ያለው። ልጆቹ ማን ማን እንደሆኑና የት እንደሚማሩ። መካከል ላይ ያቺ ዐረፍተ ነገር፣ ከነእርስዎዋ።

«ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አለ ደባል። ድምፁ ለራሱም ራቀበት። «እሳቸው አንተ ነው ያሉት። እኔ አፍሬ እርስዎ አደረግሁት። ይህ እርስዎ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ነው። አቶ ጌታነህ፣ ይህን ገጽ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም ብላችሁ ነው የሰጣችሁን። ታዲያ እናንተ ጋ እንዴት ደረሰ?»

ጌታነህ ላፕቶፑን ከደነ። ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ነጩ መኪና ማንንም ሳይጭን ሄደ።

የደባል ስልክ ነዘረ። ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ መልእክት ነበር።

«ደባል የሚባል ሰው የለም።»

ፈቲያ ግን ግድግዳውን ማንበብ አላቆመችም። ቀስ ብላ ዞረች።

«ኒቆዲሞስ» አለች። «የሰው ጓዳ እንዲህ የሚጽፍ መምህር የለም። አንተ ማን ነህ?»

እውነቱን ቢነግራትም የሚያምነው አልነበረም። ላፕቶፑን እዚያው ትቶ ወደ በሩ ሄደ።

ዓሊዪም ያን ጊዜ ለመውጣት ተነሥቶ ነበር። በሩ ላይ ተገናኙ። በሩ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው አያሳልፍም። እንደ ትናንቱ መንገድ።

ደባል ይቅርታ ሊጠይቅ ፈለገ። ጋሽ ዓሊዪ ሊል ከንፈሩን ከፈተ። ትናንት «እለፍ፣ እለፍ» ያለውን ድምፅ ጠበቀ። ቢሰድበው በወደደ፤ «አንተ ከሃዲ» ቢለው፣ አንተ የሚለው ቃል በበቃው።

ዓሊዪ ፊቱን አላየም። ሆዱን ስቦ ወደ ግድግዳው ተጠጋና መንገዱን ለቀቀለት።

«ይለፉ» አለው።

ደባል አለፈ።

የድሬዳዋው ሚኒባስ መነኻሪያ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ ሁለት ነገር መጣ። መጀመሪያ ፈቲያ ለሁሉም የላከችው፦ «የትምህርት ክፍላችን አፎቻን መርጧል።» ቀጥሎ መተግበሪያው ራሱ፦ «ከአፎቻ ተሰናብተዋል።» ተልእኮው አለቀ። ድልድይ ሐረር ላይ አልቆመም። ደባል ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው፣ የኒቆዲሞስን መታወቂያ ቀዳዶ መስኮቱ ሥር ጣለው። ከዚያ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረና አለቀሰ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደሠለጠነው።

አንድ የጫት ነጋዴ ከነእሽጉ ተሳፍሮ አጠገቡ ቆመ።

«ጠጋ በል አንተ» አለው። «ስምህ ማን ነው ወንድሜ?»

ያልተጠቀመበት አንድ ስም ፈልጎ ነገረው። ከዚያ ጠጋ አለለት።